ኤግዚት 109፤ ከእናቴ ጋር ባዩ ዳር

የጭነት መኪና መንዳት ከጀመርኩ 7 ዓመት ሆነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ከሂውስተን ወደ ፍሎሪዳ ነው። አይ-10 የሚባለውን ሃይዌይ ዓይኔን ጨፍኜ ብነዳው የምደርስ ይመስለኛል። ሉዊዚያና ውስጥ፣ ላፋዬትን እንዳለፍኩ፣ «ብሮ ብሪጅ፣ ኤግዚት 109» የሚል አረንጓዴ ሰሌዳ አለ። ስንቴ እንዳለፍኩት ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንድም ቀን ግን ወጥቼ አላውቅም። ጭነት የጫነ ሰው አገር የሚያየው በመስታወት ነው።

ከሰሌዳው ትንሽ አለፍ ሲሉ አቻፋላያ በሚባለው ረግረግ ላይ የተዘረጋው ድልድይ ይጀምራል። 29 ኪሎ ሜትር ነው። የተከፈተው በ1973 ነው። ትልቅ መኪና የያዘ ሰው እዚያ ላይ በሰዓት ከ55 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድለትም፤ ከቀኙ መስመርም አይወጣም። ስለዚህ እየተንፏቀቅኩ ውሃውን፣ ውሃ ውስጥ የቆሙትን ዛፎች፣ በትንንሽ ጀልባ የተቀመጡ ዓሣ አጥማጆችን አያለሁ። «ጣናን አይመስልም?» እላለሁ ለራሴ።

በ2025 እናቴ ለፋሲካ ከባሕር ዳር መጣች። ሂውስተን ሁለት ሳምንት ከተቀመጠች በኋላ «ይሄ አገር ሰው የለውም እንዴ? መኪና ብቻ ነው የማየው» አለችኝ። እሷ የለመደችው ውሃ ዳር ነው። ጣና ዳር ተወልዳ ጣና ዳር ነው ያረጀችው። ያኔ ነው ሰሌዳው ትዝ ያለኝ። ባለቤቴ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ቀረች። የ10 ዓመቷን ልጄን ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሦስታችን ወጣን።

አንድ ነገር ላስቀድም። እዚህ የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ የፈረንጅ ነው። የጉዞው ቀን ግን በእናቴ አቆጣጠር ነው። ሌላ አትቀበልም።

አርብ፣ ሚያዝያ 17 - ከሂውስተን ብሮ ብሪጅ

መንገዱ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለ ቴክሳሱ ክፍል የምጽፈው የለኝም። እናቴ ድፎ ዳቦዋን ታቅፋ ተኝታ ነበር። ሌክ ቻርልስ ስንደርስ ነቃች። እዚያ ያለው አሮጌ ድልድይ አጥሩ ላይ የተጣመሩ የብረት ሽጉጦች አሉት። ዣን ላፊት የሚባል የጥንት የባሕር ወንበዴ መታሰቢያ ነው ይላሉ። «ለሌባ ሐውልት?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ላፋዬት ከመግባታችን በፊት ስኮት የምትባል ከተማ ላይ ነዳጅ ልቀዳ ቆምኩ። ስኮት ራሷን «የዓለም የቡዳን መዲና» ብላ ነው የምትጠራው። ሰሌዳውን ለእናቴ አነበብኩላት። ስህተቴ እዚህ ጋ ነው።

«ቡዳ ነው ያልከኝ?»

«ቡዳን። ምግብ ነው፣ እማዬ።»

«ስሙን ቄስ ይጥራው» ብላ አማተበች። ምን እንደሆነ ሳስረዳት ደግሞ ባሰ። የአሳማ ሥጋና ጉበት ከሩዝ ጋር አንጀት ውስጥ ተሞልቶ የተቀቀለ ነው። ከነዳጅ ማደያው በባዶ እጃችን ወጣን። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ አርብም ቢሆን ፍስክ ነበር። ግን ፍስክ መሆኑ ብቻውን ምንም እንደማይጠቅመን ገና ሉዊዚያና ሳንጠልቅ ገባኝ። አሳማ፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ክሮፊሽ። የዚህ አገር ገበታ የተሠራው እናቴ ከማትበላው ነገር ብቻ ነው።

ብሮ ብሪጅ ስንደርስ ሊመሽ ነበር። በስልክ የያዝኩት ሞቴል (ስሙን አልጠራም) «በዚህ ስም የተያዘ ክፍል የለም» አለን። የከፈልኩበትን ማረጋገጫ አሳየሁ። የሞቴሉ እንግዳ ተቀባይ ልጅ ትከሻውን ነቀነቀ። ለካ ላፋዬት ውስጥ በፈረንጅ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ በየዓመቱ የሚደረግ ትልቅ የነጻ የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። የአካባቢው አልጋ ሁሉ ተይዟል። ተሳቢ ይዤ ቢሆን ኋላዬ ያለው አልጋ ላይ እተኛ ነበር። እናትና ልጅ ይዞ ግን ምን ይደረጋል? ልጁ አዘነልን መሰለኝ፣ አንድ ስልክ ደወለ። ከቤታቸው ጀርባ ትንሽ ቤት የሚያከራዩ አሮጊት አሉ አለን።

የ81 ዓመት ሴት ናቸው። «ማው-ማው በሉኝ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ» አሉ። በዚህ አገር አያት ማለት ነው። የሚያከራዩት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ከመሬት በጡብ ምሰሶ ከፍ ያለ ነው። ውሃ ቢመጣ ከሥር እንዲያልፍ ነው። ከበረንዳው 20 እርምጃ ያህል ወረድ ሲሉ ባዩ ቴሽ አለ። ለሌሊት 110 ዶላር። እናቴ በብር አስልታ ጮኸች። ከዚያ ውሃውን አየችና ዝም አለች።

ባዩ ማለት ወንዝ ነው ለማለትም ያስቸግራል። ይሄዳል፣ ግን ሲሄድ አይታይም። ቡናማ ነው። ቃሉ ቾክቶ ከሚባሉት ቀይ ሕንዶች የመጣ ነው። ቴሽ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠማዘዛል። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ሚሲሲፒ ራሱ በዚህ በኩል ነበር የሚፈሰው፤ መንገዱን ሲቀይር ይሄ አሮጌ አልጋው ቀረ። ቺቲማቻ የሚባሉት የአገሩ ባላባት ሕንዶች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። አባቶቻቸው አንድ ግዙፍ እባብ ገደሉ፤ እባቡ እየተጠማዘዘ የሞተበት ቦታ ሲበሰብስ ባዩ ሆነ። እናቴ የሁለተኛውን ታሪክ ነው የተቀበለችው።

ማታ ማው-ማው ቡና አፈሉ። ይሄን ትንሽ ልዘርዝረው። ባለ ሁለት ፎቅ የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ አላቸው፤ «ግሬግ» ይሉታል። ላይኛው ክፍል ቡናው አለ። የፈላ ውሃ በማንኪያ፣ ቀስ እያሉ፣ አንድ አንድ ማንኪያ ያፈሱበታል። አይቸኩሉም። ታች ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ሲያልቅ በትንንሽ ሲኒ ቀዱልን። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ምሬቱ ምላስ የሚይዝ። ለልጄ ወተት በዝቶበት ሰጧት፤ ልጅም ቢሆን ከቡና አይገለልም ማለት ነው። እናቴ ፉት አለችና ሲኒዋን አየቻት።

«በሲኒ የሚያጠጣ ፈረንጅ አገኘሁ» አለች።

ማው-ማው እናታቸው ጥሬ ቡና ገዝተው ቤት ውስጥ በብረት ድስት ይቆሉ እንደነበር ነገሩን። ሽታው መንገድ ድረስ ይሄድና ጎረቤት ይጠራ ነበር አሉ። ተረጎምኩላት። እናቴ ወደ ልጄ ዞራ «ሰማሽ?» አለቻት። ልጄ በእንግሊዝኛ መለሰች። ማው-ማው አንዴ እናቴን፣ አንዴ ልጄን አዩ።

«ትሰማለች፣ ግን አትመልስም። አይደል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«የኔም ልጆች እንደዚያ ነበሩ» አሉና ሁለተኛ ሲኒ ቀዱ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18 - ብሮ ብሪጅና ሴይንት ማርቲንቪል

ጠዋት ወደ ድልድዩ በእግር ሄድን። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከድልድይ ነው። ከካናዳ ተባርረው ከመጡት አካዲያኖች አንዱ፣ ፊርሚን ብሮ፣ በ1771 እዚህ መሬት ገዛ። በ1799 ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ የእግረኛ ድልድይ ሠራ። በ1817 ልጁ አግሪኮል ጋሪ የሚያሳልፍ ድልድይ ሠራ። መንገድ የሚጠቁም ሰው ሁሉ «የብሮዎች ድልድይ ጋ ስትደርስ» ማለት ለመደ። አግሪኮል ሲሞት ሚስቱ ስኮላስቲክ ፒኩ ብሮ ልጆቿን ይዛ ቀረች። አልተቀመጠችም። በ1829 መሬቷን በመንገድና በቦታ ሸንሽና ፕላን አስነሳችና መሸጥ ጀመረች። ከተማዋ የተቆረቆረችው በዚያ ፕላን ነው። «መበለት ናት የቆረቆረችው?» አለች እናቴ። አባቴ የሞተ ጊዜ አራት ልጅ ይዛ የቀረች ሴት ናት። ድልድዩ ላይ ብዙ ቆመች። ልጄ በበኩሏ «ብሮ» በሚለው ስም ስትስቅ ነበር።

የዛሬው ድልድይ ብረት ነው፤ ጠበብ ያለ። በየሱቁ፣ በየግድግዳው ቀይ ክሮፊሽ ተስሏል። ለማያውቀው፣ ክሮፊሽ በጊንጥና በሸርጣን መሃል ያለ፣ ጣት የሚያክል፣ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ነገር ነው። ድሮ የድሃ ምግብ ነበር። በ1959 የሉዊዚያና ምክር ቤት ከተማዋን «የዓለም የክሮፊሽ መዲና» ብሎ ሰየማት። ከ1960 ጀምሮ በፈረንጅ ሜይ መጀመሪያ ፌስቲቫል አላት። እኛ አንድ ሳምንት ቀድመናል። ጥሩ ሆነ። ማደሪያው ያኔ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ሰልፍ አየን። «የዛይዴኮ ቁርስ» ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰው እየበላ ይጨፍራል። እናቴ «በጠዋት ዳንኪራ?» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ግን ገባች። አኮርዲዮን አለ። አንዱ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮ እንደ ሰደርያ ደረቱ ላይ አጥልቆ በማንኪያ ይፍቀዋል። ዛይዴኮ ክሪዮል የሚባሉት የሉዊዚያና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጥቁሮች ሙዚቃ ነው። ቃሉ የመጣው «ሌ-ዛሪኮ ሶን ፓ ሳሌ» ከሚል አባባል ነው ይባላል፤ ባቄላው ጨው የለውም ማለት ነው። ጨው ያለው ሥጋ ጣል ለማድረግ አቅም የለንም ለማለት ነው። ንጉሡ የሚባለው ክሊፍተን ሼኒየር በ1925 እዚሁ ቅርብ፣ ኦፐሉሳስ አካባቢ ነው የተወለደው። በ2025 100 ዓመቱ ነበር። ጥቁሩም ነጩም፣ የ80 ዓመት ሽማግሌም የ5 ዓመት ልጅም አንድ ወለል ላይ ነበር። አንድ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት እጃቸውን ለእናቴ ዘረጉ። እንቢ አለች። ትከሻዋ ግን እንቢ አላለም። ቁጭ እንዳለች ስትሰብቀው ልጄ በስልኳ ቀረጸቻት። ዕንቁላልና ቡና ለሦስት 41 ዶላር ከፈልን።

ከሰዓት ወደ ሴይንት ማርቲንቪል ነዳን። መንገዱ ባዩውን ተከትሎ ነው የሚሄደው። በግራም በቀኝም ገና ጉልበት ያልደረሰ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ነው። መተሐራ ትዝ ይላል፤ ተራራ የለም እንጂ። ይሄን መሬት ያለማው የባርያ ጉልበት ነው። በከተማዋ የአካዲያን መታሰቢያና የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚየም አንድ ቦታ፣ ጎን ለጎን ናቸው። ጥሩ አድርገዋል። አንዱን ታሪክ ሰምቶ ሌላውን ዘሎ መሄድ አይቻልም።

አካዲያኖች በዛሬዋ ኖቫ ስኮሺያ የሚኖሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ነበሩ። መሬቱ በእንግሊዝ እጅ ገባ። በ1755 ግራን ፕሬ የምትባል መንደር ውስጥ ወንዶቹን ቤተ ክርስቲያን ሰብስበው አዋጅ አነበቡላቸው። መሬታችሁ፣ ቤታችሁ፣ ከብታችሁ የንጉሡ ነው፤ እናንተ ትጫናላችሁ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10,000 በላይ ሰው በመርከብ ተጭኖ ተበተነ። ቤቱ ተቃጠለ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያየ። በ1765 ጆሴፍ ብሩሳር፣ በቅጽል ስሙ ቦሶሌይ፣ 200 የሚሆኑ ሰዎች ይዞ ሉዊዚያና ገባ። ወደዚህ ምድር የመጡት እነሱ ናቸው። «አካዲያን» የሚለው ስም በአፍ ሲንከባለል «ኬጁን» ሆነ።

ግድግዳው ላይ የስደተኞቹ ስም ተቀርጿል። ሰው ይመጣል፣ የራሱን የአባት ስም በጣቱ ይፈልጋል። እናቴን ግን የያዛት ሌላ ነገር ነው። ዶትሪቭ የሚባል ባለ ከብት ከስደተኞቹ ጋር በ1765 ውል ተዋውሎ ነበር። ላሞች ከነጥጆቻቸው፣ ኮርማም ጨምሮ ለየቤተሰቡ ሊሰጥ። ከ6 ዓመት በኋላ የወሰዱትን ያህል መልሰው የተረፈውን እኩል ሊካፈሉ።

«ይሄማ ርቢ ነው!» አለች እናቴ ጮክ ብላ። አስጎብኚዋ ደነገጠች። አባቷ ጎጃም ውስጥ ከብት በርቢ ሲሰጡ እያየች ያደገች ሴት ናት፤ ውሉን ከእኔ በላይ ተረዳችው። «ብልጥ ነው ሰውዬው። ሣሩ የማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚዋ ይሄን ጥያቄ ተጠይቃ የምታውቅ አልመሰለኝም።

ውጭ፣ ባዩ ዳር፣ ኢቫንጀሊን ዋርካ የሚሉት ትልቅ ዛፍ አለ። ሎንግፌሎ የሚባል ገጣሚ በ1847 በጻፈው ግጥም ምክንያት፣ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ፍቅረኞች የተገናኙበት ነው እያሉ ቱሪስት ያመጡበታል። ሰዎቹ በእውን አልነበሩም። ዛፉ ግን ጥላው ልክ ነው። ድፎ ዳቦአችንን እሱ ሥር ጨረስን።

ማታ የማው-ማው ልጅ መጣ። ሩዝና ክሮፊሽ ያመርታል፤ አንድ ማሳ ላይ ሁለቱንም። ሩዙ ነሐሴ ገደማ ይታጨዳል። መስከረም ጥቅምት ላይ ማሳው እንደገና ውሃ ይሞላል። ያኔ ጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው የተደበቁት ክሮፊሾች ግልገል ይዘው ይወጣሉ። ሩዙ ጥሎት የሄደው ቃርሚያ ምግባቸው ነው። ከታኅሣሥ ወዲያ በሽቦ ወጥመድ መያዝ ይጀመራል። በ2023 የበጋው ድርቅ ጭቃውን አድርቆ ሰነጠቀው፤ ብዙዎቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ አለቁ። በተከታዩ ዓመት ዋጋው ሰማይ ነካ። በ2025 ግን ተመልሶ ነበር። የተቀቀለው ከተማ ውስጥ በፓውንድ 6 ዶላር ሲሸጥ አይተናል። እናቴ ወዲያው አሰላች። «ኪሎ ጊንጥ 1,700 ብር!»

15 ኪሎ የሚሆን ጆንያ አምጥቶ ገንዳ ውስጥ ገለበጠው። ይንቀሳቀሳሉ። እርስ በርስ ይነካከሳሉ። ሦስት ጊዜ አጠባቸው፤ የመጀመሪያው ውሃ ጭቃ፣ የመጨረሻው ጠራ ያለ። ለሠርግ የሚሆን ጎላ ድስት በጋዝ ምድጃ ላይ ፈልቶ ነበር። በርበሬ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ፣ ድንች፣ በቆሎ። እንፋሎቱ ዓይን ያስለቅሳል። ከዚያ ሁሉም ጋዜጣ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ተዘረገፈ። ሳህን የለም፣ ሹካ የለም። ጠምዝዘህ ከሁለት ትከፍላለህ፣ ጭራውን ጨምቀህ ሥጋውን ትስባለህ፣ ራሱን ትመጣለህ። በእጅ መብላት የማያሳፍርበት ፈረንጅ አገር ያገኘሁት እዚህ ነው።

እናቴ ወንበሯን ወደ ባዩው አዞረች። «ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም» አለች። በቆሎና ድንቹን ብትበላስ? «ውሃው አንድ አይደል እንዴ?» ልጄ ከማው-ማው ጎን ተሸጉጣ ትጎርሳለች። እናቴ አላየችም። ማለቴ፣ ላለማየት ወስናለች። እኔ ምራቄን ዋጥኩ። 40 ዓመት ቢያልፈኝም እናቴ ፊት አልደፈርኩም።

ማው-ማው ወደ ቤት ገቡና ከፍሪጅ ዓሣ ይዘው ወጡ። ልጃቸው ያጠመደው ነው። «ሳካሌ» ይሉታል። ምግብ ቤት አይሸጥም፤ የሚበላው ሰው ቤት ነው። እናቴ ተቀበለችው። ገለበጠችው። ጭራው አካባቢ ሳትነሳ የቀረች አንዲት ቅርፊት በጥፍሯ አንስታ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጋ አየቻት። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። በሌላ መጥበሻ፣ በበቆሎ ዱቄት ተለውሶ ተጠበሰላት። ሦስት በላች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19 - ሌክ ማርቲን፣ ወደ ቤት

ዳግም ትንሣኤ ነው። እናቴ ባዩውን ወደ ምሥራቅ ተሻግራ እያየች ጸሎቷን አደረሰች። ማው-ማው ከቅዳሴያቸው ሲመለሱ ገና መጨረሷ ነበር። «አንድ ሰዓት ብቻ?» አለችኝ። አልተረጎምኩትም።

ቁርስ «ኩሽ-ኩሽ» ነው። የበቆሎ ዱቄት በብረት መጥበሻ ተቆልቶ በወተትና በሸንኮራ ሽሮፕ። ከገንፎ ደረቅ፣ ከቂንጬ የላመ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ማው-ማው የትምህርት ቤታቸውን ነገር ያወሩት። የ1921 የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። እሳቸው በ6 ዓመታቸው ሲገቡ ከፈረንሳይኛ በቀር አንዲት ቃል አያውቁም። ሽንት ቤት ልሂድ ማለት አልቻሉም። ወንበራቸው ላይ ሆነባቸው። በፈረንሳይኛ ሲያለቅሱ ደግሞ ተቀጡ፤ «በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ፈረንሳይኛ አልናገርም» ብለው 100 ጊዜ ጻፉ። ምን እንደጻፉ እንኳ አልገባቸውም። አድገው ሲወልዱ ለልጆቻቸው ፈረንሳይኛ አላስተማሩም። ከባላቸው ጋር በፈረንሳይኛ የሚነጋገሩት ልጆቹ እንዳይሰሙ ሲፈልጉ ብቻ ነበር። በ1968 ግዛቱ ራሱ ፈረንሳይኛን መልሶ የሚያስፋፋ ምክር ቤት አቋቋመ። አሁን የልጅ ልጃቸው ልጅ በፈረንሳይኛ በሚያስተምር ክፍል ውስጥ ናት። «ስታርመኝ ትውላለች» አሉ። «የኔ ቃል የጭቃ ቃል ነው ትለኛለች። እኔ ደስ ይለኛል፣ ትረመኝ።»

ካናዳም በ2003 በንግሥት ኤልሳቤጥ ስም የግዞቱን በደል የሚያምን አዋጅ አውጥታለች፤ ዋረን ፔሪን የሚባል የሉዊዚያና ጠበቃ ዓመታት ሲወተውት ከቆየ በኋላ። ማው-ማው ስለዚህ ብዙም ግድ የላቸውም። «የኔ መምህርት አዋጅ አላወጣችም» አሉ።

ሁሉንም ለእናቴ ተረጎምኩ። ምንም አላለችም። ለማው-ማው ሽሮፕ ጨመረችላቸው።

ሌክ ማርቲን ከከተማዋ በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም። በሰው 25 ዶላር ከፍለን ትንሽ ጀልባ ያዝን። ውሃ ውስጥ የበቀሉት ሳይፕረስ የሚባሉ ዛፎች ሥራቸው እንደ ጉልበት ከውሃው ብቅ ብቅ ይላል። ከቅርንጫፉ ግራጫ ሽበት የመሰለ ነገር ይንጠለጠላል። ምንቃሩ ማንኪያ የመሰለ ሮዝ ወፍ አየን። አዞዎቹ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። እናቴ አልተደነቀችም። «ጉማሬ የለም?» አለች። የለም። «እንግዲያ ምኑን ሐይቅ ሆነ።»

ከዚያ ጀልባው ወደ ዳር ሲጠጋ ተነስታ ልትቆም ደረሰች። «እምቦጭ!»

እውነቷን ነው። ያው ወፍራም ቅጠል፣ ያው የተነፋ አንገት፣ ያው ወይን ጠጅ አበባ። ጣናን የወረረው እሱ ራሱ። ቀበሌው ሲወጣ እሷም ወጥታ ወገቧ እስኪቆረጥ በእጇ ነቅላለች። ባለ ጀልባው ታሪኩን ያውቃል። በ1884 ኒው ኦርሊየንስ ላይ በተደረገው ትልቅ የጥጥ ኤግዚቢሽን ለጌጥ ነው የመጣው ይባላል። አበባው ያምራል ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ከዚያ ባዩውን ሁሉ ዘጋው። የባሰውን ስሙ። በ1910 ሮበርት ብሩሳር የሚባል የዚህ አገር የኮንግረስ አባል ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ሐሳቡ ከአፍሪካ ጉማሬ ማምጣት ነበር። ጉማሬው እምቦጩን ይበላል፤ ሰው ጉማሬውን ይበላል። ሕጉ አላለፈም።

እናቴ እስኪያልቅ ሰማች። «ንገረው» አለችኝ፣ «እኛ ጉማሬም አለን፣ እምቦጭም አለን። አልበላልንም።»

ባለ ጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ ሳቀ።

ከጀልባ ወርደን ፎቶ ስንነሳ ነው ጉዱ የመጣው። እናቴ ትንሽ የአፈር ጉብታ ላይ ቆመች። ቀይ ጉንዳን ነው፤ እዚህ «የእሳት ጉንዳን» ይሉታል። ስሙ አይዋሽም። ጫማዋን አውልቃ እስክንገላገል እግሯ በቀያይ እብጠት ተሞላ። ማው-ማው አይተው ኮምጣጤ በጨርቅ አሰሩላት። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። ሲሰናበቱ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በፈረንሳይኛ ነበር የሚያወሩት። እኔን ማንም ተርጉም አላለኝም። ልጄ አጠገባቸው ቆማ ነበር። መኪና ውስጥ «ምን ተባባሉ?» አልኳት። «ሁለቱም ስለ እግሯ ነው የሚያወሩት» አለች። ግማሹን በአማርኛ ነው ያለችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አላባማ ውስጥ ወዳለችው ሞቢል ከተማ ጭነት ነበረኝ። እናቴ ከባሕር ዳር ይዛው ከመጣችው ጥሬ ቡና ሁለት ኪሎ ቋጥራ ሰጠችኝ። ተሳቢ ይዤ ያንን ጠባብ ድልድይ መሻገር አይታሰብም። ኤግዚት 109 ላይ ወጥቼ ነዳጅ ማደያው ጋ ቆምኩና ደወልኩ። ማው-ማው ፒክአፕ እየነዱ መጡ። ነጠላውን አንገታቸው ላይ እንደ ሻርፕ ጠምጥመውታል። ከረጢቱን ከፍተው አሸተቱ፤ ፍሬውን በጣታቸው ፈልፍለው አዩት። የእናታቸው ብረት ድስት አሁንም አለ አሉኝ።

ከዚያ ከወንበራቸው ሥር በፎይል የተጠቀለለ፣ ገና የሚያተን ነገር አውጥተው አቀበሉኝ። የበርበሬው ሽታ ሳልፈታው ደረሰኝ።

«እናትህ አሁን እዚህ የለችም» አሉኝ።